ሰጪው ራሱ መጥቶ ስሙን ይናገር

ፌብሩዋሪ 28፣ የጥብስ ሐሙስ

ከተማው ጥብስ ጥብስ ይሸታል። የሥጋ ስንብት ነው፤ ዛሬ ካቫላ ውስጥ ደጁ ላይ ከሰል ያላቀጣጠለ ሰው የለም። የእኛ መስኮት ግን ዝግ ነው። የዘጋው ስቴርዮስ ነው። ዕድሜውን በልኳንዳ የፈጀ ሰው፣ በዚህ ቀን ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ እስኪመሽ ሲበልት፣ ሲመዝን፣ ሲቀልድ የሚውለው ባለቤቴ፣ «ሽታው ሆዴን ገለበጠው» ብሎ ተነሣና ዘጋው። የክረምቱ ጉንፋን አልለቀቀውም መሰለኝ።

ይህን ደብተር ዛሬ ገዛሁ። ለምን እንደገዛሁት እንጃ። ምናልባት ሌላው የምጽፈው ሁሉ ሰው ፊት ስለሆነ ይሆናል። ልጃችን ሚርቶ ያቋቋመችው የማዕድ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ነኝ። በድሮው የትንባሆ መጋዘን ምድር ቤት ለቸገረው ሁሉ ምሳ እናበላለን። በየቅዳሜው የመስታወቱን በር እወለውልና የሳምንቱን ገቢና ወጪ፣ የሰጪዎቹንም ስም ከነቤተሰባቸው መጠሪያ፣ በነጭ ቀለም እጽፍበታለሁ። ሽንኩርቱ እንኳ አይቀርም። መንገደኛው ቆሞ ያነባል፣ አንዳንዱም ቆሞ ይተቻል። «የሰው ገንዘብ ይዘን መጋረጃ አንጋርድም» ትላለች ሚርቶ።

ሁለት ሕግ አላት። ስሙን ከሚደብቅ ሰው አትቀበልም። ከእርድ ከመጣ ገንዘብም አትቀበልም። ድስቷ ውስጥ ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ ወተትና እንቁላል የለም። ጾም ገባ ፍስክ ገባ፣ እሷ ዘንድ ያው ነው።

ይህ ሁለተኛው ሕግ ዞሮ ዞሮ ያረፈው አባቷ ላይ ነው። ማኅበሩ የተከፈተ ዕለት ስቴርዮስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ፖስታ ይዞ መጣ። እሷም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ገንዘቡን መለሰችለት። «አባባ፣ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። ካንተ ከተቀበልኩ ሌላውን በምን አፌ እከለክላለሁ?» አለችው። እሱም ፖስታውን ደረት ኪሱ ከትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሆነው፤ ሰላምታ እንኳ በእኔ በኩል ነው። ቤታችንና ማዕድ ቤቱ የያዝከው ሾርባ ሳይበርድ የሚደረስበት ርቀት ናቸው።

ማርች 2፣ የሙታን ቅዳሜ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ንፍሮ ይዤ። ከዚያ ሩጫ። ትልቁ ምድጃ ሞተ። ሠሪው መጥቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፣ ዕቃው አይገኝም አለ። ሚርቶ በሁለት ትንንሽ ቡታጋዝ ሽምብራ ስትቀቅል ዋለች። ሰዎቹ ውጭ፣ ነፋስ ላይ። አንዱ ሽማግሌ ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። መስታወቱን በችኮላ ጻፍኩ፤ እጄ ቆሽሾ ነበር።

ማርች 5

ስለ ምድጃው ለስቴርዮስ የነገርኩት እንዲሁ ለጨዋታ ነው። «ምን ያህል ነው ትልቅነቱ?» አለኝ። በእጄ አሳየሁት። ሌላ አልጠየቀም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ የልኳንዳውን ቁልፍ ይዞ ወጣ። ሲመለስ የዕብነ በረድ ጠረጴዛውን፣ ሚዛኑን፣ ማቀዝቀዣ ክፍሉን ሸጧል። ያን ጠረጴዛ ሙሽራ ሆኜ ስገባ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቢላዎቹንም አንዱን ብቻ አስቀርቶ ሰጥቷል። እንዴት ሳትነግረኝ አልኩት። «ልኳንዳ ያለ ባለ ልኳንዳ ምን ያደርጋል?» አለና ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ያው ፖስታ ነው። ጠርዙ አርጅቷል።

«ለምድጃው። በኔ ስም አይሁን። በፈለግሽው ስም ጻፊው።»

«ብታውቅስ?»

«በኋላ ትነግሪያታለሽ።»

ከምን በኋላ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ዝም አይነቅዝም።

ማርች 6

ስም አጣሁ። የማውቀውን ሰው ብጽፍ ሚርቶ ሄዳ ታመሰግነዋለች። በመጨረሻ አሲሚና ዛፊሪዩ ብዬ ጻፍኩ። በልጅነታችን እዚሁ መጋዘን ውስጥ ቅጠል አብራኝ ትለቅም የነበረች ናት። ስትስቅ ድምፅዋ ከሁላችን በላይ ይሰማ ነበር። ሚርቶ አታውቃትም። አሲሚናም አትቀየመኝም፤ ከሞተች ቆየች።

ማርች 9

ምድጃው ገባ። የሚያብረቀርቅ፣ እሳት የሚወጣበት ስድስት ዓይን ያለው። ሚርቶ እንደ ሕፃን አቀፈችው። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም።

«እማዬ፣ እኚህ አሲሚና የሚባሉት ሴትዮ የት ነው ቤታቸው? ልሂድና እጃቸውን ልሳም።»

«ሰው ማየት አይወዱም።»

«እንግዲያው የፊታችን ቅዳሜ አባ ቫርናቫስ ለጤናቸው ይጸልዩላቸው። ስማቸውን ለአባ እሰጣለሁ።»

እሷ እንኳ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ሆና አይደለም። ወንበር ስለሚያውሱን አባን ታከብራቸዋለች። ምን ልበል? እሺ አልኩ።

ማርች 11፣ ንጹሕ ሰኞ

ጾም ገባ። ልጆች ኮረብታው ላይ በክር የሚያዝ የወረቀት ካይት ያበርራሉ። ከእኛ ዘንድ ጠፍጣፋው ዳቦ፣ ወይራ፣ ባቄላ፣ የሰሊጥ ጣፋጭ። ሰው እስከ በር ሞላ። እትዬ ፎቲኒ፣ የሰፈራችን ባልቴት፣ ገና ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ኦክቶፐሱስ? ጾም ነው እኮ፣ ኦክቶፐስ ደም የለውም፣ ይፈቀዳል!»

«እዚህ ጾም አይደለም እትዬ፣ እዚህ ሁሌም ነው» አለች ሚርቶ። «ዓይን ያለው ነገር ድስቴ ውስጥ አይገባም።»

«ድንችም ዓይን አለው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሚርቶ እራሷ ሳቀች።

ስቴርዮስ ሰሞኑን ምንም አይወርድለትም። ያበሰልኩለትን ሁሉ ሁለቴ ጎርሶ ይገፋዋል። ዛሬ ግን ለእኔ የያዝኩትን የሚርቶን ምስር ሾርባ አይቶ «እስቲ» አለ። ሳህኑን ጨረሰ። አይኔን ማመን አቃተኝ። ጉንፋኑ ሊለቀው ነው።

ማርች 13

ምሳ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ከማዕድ ቤቱ የሚወጣ ሳህንም ይጻፋል፤ ሕግ ነው።

«ለማን ነው?» አለች ሚርቶ፣ ፊቷን ከድስቱ ሳታነሣ።

«ለጎረቤት። ሽማግሌ ናቸው። ጥርስ የላቸውም።»

«ሆዳቸውስ?»

«ሆዳቸውም ደህና አይደለም።»

ትንሽ አማሰለች። «እንግዲያው እኔ ለብቻው አጠልላቸዋለሁ፣ ድፍኑ ይከብዳቸዋል» አለች። ለማታውቀው ሰው እንኳ እንዲህ ደግ ናት። መስታወቱ ላይ «ለጎረቤት፣ በየቀኑ አንድ ሳህን» ብላ በራሷ እጅ ጻፈች።

ማታ ስቴርዮስ «ጨው የለውም» አለ። አፍህ ነው ጣዕም የሳተው አልኩት። «ይሆናል» አለ። «ግን እንዲህ ነው ደስ የሚለኝ።»

ማርች 16፣ ቅዳሜ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ዛሬም የሙታን ቅዳሜ ነው፤ በጾሙ መጀመሪያ ያለው የመጨረሻው። ቤተ ክርስቲያኑ በንፍሮ ሳህን ተሞልቷል፣ በስኳርና በሮማን ያጌጠ። አባ ቫርናቫስ ስም ሲያነቡ እንደ ሌሎቹ ቄሶች በክርስትና ስም ብቻ አያልፉም፤ እግዜር እንዳይሳሳትባቸው ይመስል እስከ ቤተሰብ መጠሪያው ይጠራሉ። የሙታኑን ዝርዝር አነበቡ። እትዬ ፎቲኒ ከሰጧቸው ወረቀት ላይ «አሲሚና ዛፊሪዩ» አሉ። ፎቲኒና አሲሚና አበልጆች መሆናቸውን እንዴት ረሳሁት?

ቀጥለው የሕያዋኑን፣ ለጤናቸው። የማኅበራችንን ሰጪዎች። በመካከሉ፣ በዚያው ድምፅ፣ «አሲሚና ዛፊሪዩ።»

እትዬ ፎቲኒ አማተቡ፣ ደረታቸው ላይ እንትፍ እንትፍ አሉ፣ ከዚያ ጮኹ።

«ለጤናዋ? ለአሲሚና ጤና? አባ፣ ንፍሮዋን በልቻለሁ እኮ! በዚህ አፌ!»

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሌሎቹ ወደ እኔ ዞሩ፤ መስታወቱ ላይ የምጽፈው እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። አባ ቫርናቫስ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ቀጥሉ» አሉና ወደ ዝማሬው ገቡ።

ማርች 17

ሚርቶ ሰምታለች። ማን ያልሰማ አለ?

«እማዬ፣ አሲሚና ማን ናት?»

ፖስታው ላይ የተጻፈውን ስም ነው የገለበጥኩት፣ በበሩ ሥር ነበር የተገፋው አልኳት። አፌ እንዴት እንደዘረገፈው።

ቀና ብላ አየችኝ። እኔን ስታይ የአባቷን ዓይን ነው የማየው፣ ጥቁርና ዝምተኛ። «ፖስታው እንዴት ያለ ነበር?» አለች።

«ያረጀ» አልኩ።

«እሺ» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች።

ማርች 23፣ ቅዳሜ

መስታወቱን ወልውዬ ቀለሙን ሳነሣ ከእጄ ወሰደችው። ከላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ በትልቁ ጻፈች።

«አዲሱ ምድጃ የተገዛበት ገንዘብ የማን እንደሆነ አልታወቀም። ሰጪው ራሱ መጥቶ ስሙን ይናገር። እስከዚያ ምድጃው አይለኮስም።»

«ሰውየው ወይም ሴትየዋ ባይመጡስ?» አልኳት።

«ይምጣ። ቢመጣ ምን እንደምለው አውቃለሁ።»

ድምፅዋ አስፈራኝ። በዚያ ዕለት ፖስታውን ስትመልስ የነበረው ድምፅ መሰለኝ። ዳግመኛ በሰው ፊት ልትመልስበት ነው። አሁን፣ በዚህ አቅሙ። እኔ እያለሁ አይሆንም።

ለስቴርዮስ አልነገርኩትም። አልነግረውምም።

ማርች 25

በዓለ ብስራት። ከተማው ሁሉ የተጠበሰ ዓሣ በነጭ ሽንኩርት ይበላል፣ ጾሙም ለዛሬ ይፈቅዳል። ሚርቶ ዝኩኒ ጠበሰች። እትዬ ፎቲኒ ሳህኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ዓሣው ወዴት ዋኘ?» አሉ። ማንም አልሳቀም። በሁለት ትንንሽ ቡታጋዝ እስኪደርሳቸው ሰልፉ ላይ ደክመዋል። ትልቁ ምድጃ እዚያው ቆሟል፣ በላዩ ጨርቅ ተጥሎበት።

ስቴርዮስ ማታ፦

«ምድጃው እንዴት ነው? ይነድዳል?»

«ይነድዳል። ስድስቱም ዓይን።»

«ሰማያዊ ነው እሳቱ?»

«ሰማያዊ ነው።»

ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን በየቀኑ ይከብዳል።

ማርች 30

ዳቦ ቤት ተሰልፌ ከኋላዬ፦ «እናት ገንዘብ ያዥ፣ ልጅ ኃላፊ። መስታወቱማ ጠርቷል።» ዳቦዬን ሳልይዝ ወጣሁ።

በየወሩ የሚሰጡ ሰዎች ሁለቱ አቆሙ። ሚርቶ ስማቸውን ከመስታወቱ ላይ በጨርቅ አጠፋች። ወጣቶቹ የቦርድ አባላት አዲስ ገንዘብ ያዥ ይመረጥ እያሉ ነው። ይመረጥ! እኔስ ለምን ብዬ ነው?

ኤፕሪል 3

ሐኪሙ ዘንድ። ስቴርዮስን ውጭ አስቀምጦ እኔን ብቻ አነጋገረኝ። ደካክሟል፣ የሚወደውን ስጡት፣ አይረበሽ አለ። ቀጣዩን ከፋሲካ በኋላ እናያለን አለ። የቀጠሮ ካርድ ግን አልሰጠኝም፤ ሥራ በዝቶበት ረስቶት ይሆናል።

ቀበቶውን በዚያች ባስቀራት ቢላ ቀዳዳ ጨመረበት። ሌላ ቀዳዳ። ጾም ሁሉንም ያከሳል።

ኤፕሪል 6

ሚርቶ ምሳ ዕቃውን ስትሰጠኝ አልለቀቀችውም። ሁለታችንም እንደያዝነው ቆምን።

«ጎረቤትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ይራመዳሉ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ለጎረቤትሽ በያቸው… በሩ ክፍት ነው። እዚህ መጥተው ቢበሉ ደስ ይለኛል።»

«ኩሩ ናቸው፣ የሰው እጅ ማየት አይወዱም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ከዚያ ለቀቀችው።

መንገድ ላይ ሳስበው ምኑን ነው የምታውቀው አልኩ። ልጅ ሁሉ አውቃለሁ ማለት ይወዳል።

ኤፕሪል 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት ከመታጠቢያው ስወጣ ስቴርዮስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ተላጭቷል፤ አገጩ ሥር ቆርጦታል። አንገትጌው ሰፍቶት ሌላ ሰው የለበሰው ይመስላል።

«ልሂድ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ምድጃውን ልየው። እሷንም። ከበር ቆሜም ቢሆን። ያንን ሾርባ ማን እንደሚሠራው አፌ ሳያውቀው ቀርቶ መሰለሽ? ይህን ልበላትና ልመለስ።»

እኔ ያየሁት መስታወቱን ነው። ከሁሉ በላይ በትልቁ የተጻፈውን ነው። ሰዎቹ እንደ ያኔው ቆመው ሲያዩት፣ ምድጃው ጨርቅ ለብሶ፣ እሷም በዚያ ድምፅ።

«ነፋሱ ከባድ ነው» አልኩት። «ዛሬ መርከቡ እንኳ ወደ ታሶስ ደሴት አልተንቀሳቀሰም። ነገ ትሄዳለህ።»

በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ነፋስ ነበር፣ እውነት። እንደ ሌላው ቀን ያለ ነፋስ ነበር።

«ነገ» አለ። ሸሚዙን ራሱ ሊያወልቅ ሞከረ፣ ቁልፉ አልታዘዘውም። እኔ አወለቅሁለት።

ኤፕሪል 14

አልተነሣም። ደክሞኛል አለ።

ኤፕሪል 17

አልተነሣም። ሾርባውን በማንኪያ እየሰጠሁት ነው። ሸሚዙን ተኩሼ ወንበሩ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ኤፕሪል 21፣ ሆሳዕና

ዘንባባ አመጣሁለት። ይዞት ተኛ።

ኤፕሪል 22፣ የሰሞነ ሕማማት ሰኞ

ዛሬ ሾርባውን አልፈለገም። ከንፈሩን ብቻ አረጠብኩለት። ማታ ምሳ ዕቃውን ልደፋው ወደ ማጠቢያው ይዤ ሄድኩ፤ ምግብ መድፋት ነውር ነውና ቆሜ እራሴ ቀመስኩት። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልቀመስኩትም ነበር። የእሱ ነው ብዬ።

ጨው የለውም። ፈጽሞ። ሎሚ ግን ሞልቶታል፣ ምላስ ያሳክካል።

ቆሜ ቀረሁ። ሎሚ በሁሉ ነገር ላይ የሚጨምቀው ስቴርዮስ ነው። ጨው በደም ግፊቱ የተከለከለውም እሱ ነው፣ ሚርቶ የስድስት ዓመት ልጅ ከነበረች ጀምሮ። የጨው ዕቃውን ከገበታ ላይ እየሰረቀች ቀሚሷ ሥር ትደብቅ ነበር። «አባባ እንዳይሞት» ትል ነበር። ስቴርዮስም እያየ እንዳላየ ሆኖ ጠረጴዛው ሥር ይፈልግላት ነበር።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ጎረቤቱን ታውቀዋለች። ያረጀ ፖስታ ያልኳት ቀን ምድጃውንም አወቀች። ታዲያ «ሰጪው ራሱ መጥቶ ስሙን ይናገር» ብላ የጻፈችው ለማን ነው? ለማታውቀው ሰው አይደለም። በዚያ መስታወት ላይ፣ በምታውቀው ብቸኛ መንገድ፣ አባቷን እየጠራችው ነበር። ምድጃውንም እሱ እስኪመጣ አልለኩስም ብላ ጠበቀችው።

እኔ ደግሞ መሐል ቆሜ። ሾርባውን እያመላለስኩ። ምሳ ዕቃ ባልይዝ ኖሮ ከሁለቱ አንዱ መራመድ ነበረበት።

ጠዋት እነግረዋለሁ። ጎህ ሲቀድ፣ ልክ ዓይኑን ሲገልጥ። እሷንም እጠራታለሁ።

ኤፕሪል 23

ዓይኑን አልገለጠም።

በጆሮው ነገርኩት። ደጋግሜ ነገርኩት። ትንፋሹ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሚርቶ ሽርጧን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። አልጋው አጠገብ በርከክ ብላ እጁን ያዘች፣ ያንን ሰፊ እጅ። «አባባ፣ ምድጃውን ለኮስኩት» አለችው። «ጠዋት ለኮስኩት። ሰማያዊ ነው።»

ቀትር ላይ አረፈ።

ኤፕሪል 25፣ ጸሎተ ሐሙስ

ቀበርነው። ነጩን ሸሚዝ አልብሼው።

ንፍሮውን የሠራችው ሚርቶ ናት፣ በአዲሱ ምድጃ፣ በትልቁ ድስት። ስንዴ፣ ለውዝ፣ ዘቢብ፣ ሮማን። ባለ ልኳንዳ የነበሩት ጓደኞቹ ሁሉ መጡ፣ ጭብጥ ጭብጥ እያሉ በሉ። እትዬ ፎቲኒ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የሱንም በላሁ፣ ልጄ። አሁንስ ማንም አይሳሳት» አሉና አቅፈውኝ አለቀሱ። እኔም ያኔ አለቀስኩ።

ሰው ሲሄድ ሁለታችን ሳህን ስናጥብ ቀረን። ውኃው እየፈሰሰ ነበር።

«እማዬ።»

«አቤት።»

«ነገርሽው ነበር? መስታወቱ ላይ የጻፍኩትን?»

ሳህኑን አጠብኩት። ደግሜ አጠብኩት።

«ነገርኩት» አልኳት።

«ምን አለ?»

«ሸሚዙን ለበሰ። ተላጨ። ልሂድ አለ። ሊመጣ ነበር። ነፋስ ሆነና…»

እስከዚያች ሰዓት አንድ እንባ አልወጣትም ነበር። እዚያው ማጠቢያው ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ሊመጣ ነበር» ትላለች፣ «ሊመጣ ነበር እማዬ»፣ ደስታ ይሁን ሐዘን መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ። ፀጉሯን እየዳበስኩ አዎ አልኳት። አዎ ልጄ። ሊመጣ ነበር።

ኤፕሪል 28፣ ፋሲካ

ከተማው በሙሉ የበግ ጥብስ ይሸታል። መስኮቱን ክፍት ተውኩት።

ሜይ 4፣ ቅዳሜ

ገንዘብ ያዥነቴን ላስረክብ ሄድኩ። ሚርቶ አልሰማችኝም፤ ቀለሙን በእጄ አስያዘችኝ። ቦርዱን ራሷ አነጋግራ ጨርሳለች። አሲሚና የተባለችው ሴት የሞተች መሆኗን፣ ገንዘቡ የአባቷ መሆኑን፣ ስሙን የለወጠችው እናቷ መሆኗን ሁሉንም በግልጽ ነግራቸዋለች። ሁለተኛውን ሕጓን ለአንድ ሰው ስትል መተላለፏንም። ይቀየሙኝ ብላለች። የተቀየመ አልነበረም።

መስታወቱን ወለወልኩ። ከላይ ያለውን ማስታወቂያ ስደርስ «እሱን እኔ» ብላ ጨርቁን ተቀበለችኝ። አጠፋችውና በቦታው፣ በዚያው በትልቁ፣ ጻፈች።

«ምድጃ፦ ከስቴርዮስ ካልፋስ፣ ባለ ልኳንዳ፣ አባቴ። ስሙን ሊናገር ሊመጣ ነበር። ነፋስ ሆነ።»

«ይህ አይጠፋም» አለችኝ። «ሌላውን በየሳምንቱ አጥፊ፣ ይህን ዙሪያውን ብቻ ወልውዪ።»

እሺ አልኳት። ሰዎቹ እየቆሙ ያነቡታል፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን ያነሣል። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ሸሚዙን ለብሶ ነበር፣ ነፋስም ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የመለሰው ሰው ስም ብቻ ነው የሌለው።

የገባውን ጻፍኩ። የወጣውን ጻፍኩ። «ለጎረቤት» የሚለውን መስመር ስደርስ ባዶ ተውኩት። ከዚያ ጨርቁን አርጥቤ በዚያ በትልቁ በተጻፈው ዙሪያ ዙሪያውን፣ ፊደሉን ሳልነካ፣ ወለወልኩ።